ሰማዩ ሳይፈቅድ

ሰባተኛ ላይ ሸቀጡን መሬት የሚዘረጋ ነጋዴ፣ ሸራውን ከመግለጡ በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ይህ ልማድ ዘወትር የቻሌንጀርን ታሪክ ያስታውሰኛል።

ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ፍሎሪዳን ያልለመደችው ብርድ ያዛት። የመንኮራኩሯን የጎን ሮኬቶች የሠራው የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች ሥጋት ገባቸው፤ ትኩሱ ጋዝ እንዳያመልጥ መጋጠሚያውን የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች በቅዝቃዜ ይገተራሉና። ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ እንዳትነሣ አሳሰቡ። ናሳ ቅር ሲሰኝ ግን አለቆቻቸው ቃላቸውን ለወጡ። በማግሥቱ በ2 ዲግሪ ገደማ ብርድ ተነሣች፤ በ73ኛው ሰከንድ ከነ7 ተሳፋሪዎቿ ጠፋች።

በየካቲት ወር የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን፣ የዚያኑ ጎማ ቁራጭ በበረዶ ውሃ ነክሮ በመርማሪ ጉባኤው ፊት አሳየ። መሐንዲሶቹ በዋዜማው ሌሊት ያሉትም ይህንኑ ነበር።