እሳት የሌለው የባሕር ብርሃን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ብዙ ከማይርቀው ከባሶ ገበያ የተነሡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናና ወርቅ፣ ዝባድም ጭነው፣ ለባርነት የተዳረጉ ሰዎችን ሳይቀር እየነዱ፣ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ከደጋ የወረደ ሰው የሚያውቀው ጣናን ነው፤ ጣና ደግሞ በሌሊት አያበራም። ጨረቃ በሌለችበት ምሽት በቀይ ባሕር ዳር ያደረ ነጋዴ ግን መቅዘፊያ የነካው ውሃ ሰማያዊ ብልጭታ ሲረጭ ሊያይ ይችል ነበር።

በ1825 (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤረንበርግና ሄምፕሪኽ የተባሉ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች የቀይ ባሕርን እንስሳት እየሰበሰቡ ምጽዋ ደረሱ። ሄምፕሪኽ በዚያው ዓመት፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ እዚያው በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ በርሊን ከተመለሰ በኋላ በ1830ዎቹ ስለ ባሕር ብርሃን ሰፊ ጥናት አሳትሞ፣ ብርሃኑን የሚሰጡት ሕያዋን ፍጥረታት መሆናቸውን አስረዳ። ቀደም ሲል ፍራንክሊንን የመሰለ ሊቅ እንኳ ብርሃኑ ከጨውና ከውሃ መፋተግ የሚወለድ ኤሌክትሪክ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቡን ለውጧል።

ፍጥረታቱ እንዴት ያበራሉ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቈየ። በ1887 ፈረንሳዊው ዱቧ ፎላስ የተባለውን ድንጋይ ቦርቡሮ የሚኖር ባለዛጎል እንስሳ መረመረ። ከፊሉን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ብርሃኑ እስኪጠፋ ቈየ፤ ከፊሉንም በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈ፤ ያም ጨለመ። ሁለቱን የጨለሙ ውሃዎች ቢቀላቅል ብርሃን ተመለሰ! በሙቀት የማይጠፋውን ንጥረ ነገር ሉሲፈሪን፣ በሙቀት የሚጠፋውንና ሥራውን የሚያፋጥነውን ሉሲፈሬዝ አላቸው። ስሙ ሰይጣንን ቢያስታውስም ትርጉሙ ብርሃን ተሸካሚ ማለት ነው። ሉሲፈሪን ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ጉልበቱ በብርሃን መልክ ይወጣል፤ ሙቀት ግን የለውም ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ቦይል በ1668 ባሳተመው ጥናት የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት አየር ሲወገድለት እንደሚጨልም የገለጸው፣ ኦክሲጅን ገና ሳይታወቅ ነው።

ጥቅሙ እንደ ፍጥረቱ ይለያያል። ረቂቃኑ ሲነኩ ብልጭ ብለው በላተኛቸውን ያስደነግጣሉ፤ በላተኛውንም ለሌላ በላተኛ ያጋልጡታል። አንዳንድ ዓሣ ሆዱን ከላይ በሚወርደው ብርሃን ልክ እያበራ ከሥር ከሚያደባ ጠላት ጥላውን ይሰውራል። ከቀይ ባሕር ዓሦች አንዱ ደግሞ ከዓይኑ ሥር ባለ ከረጢት የሚያበሩ ባክቴሪያዎችን ያኖራል፤ እንደ ዓይን ቆብ ባለ ሽፋንም ብርሃኑን ይገልጣል፣ ይከድናል።

ጨው በሌለው ውሃ ግን የሚያበራ እንስሳ እጅግ ጥቂት ነው። ስሟ ዘወትር የሚነሣው ላቲያ የተባለች የኒው ዚላንድ ወንዞች ቀንድ አውጣ ናት፤ ስትነካ አረንጓዴ ብርሃን ያለው ልጋግ ትለቃለች።