መቅደላ ከነደደች በኋላ አልጋው የማን ነበር

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሕይወታቸውን ባሳለፉ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ንጉሧን ብቻ ሳይሆን ንጉሥ የሚቀባላትንም አጥታ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በዚያው አምባ ታስረው ሳሉ በጥቅምት ወር ዐርፈዋልና። የሟቹ ንጉሥ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን ዓለማየሁ፣ አምባውን ከያዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ልጃቸውን ተከትለው ሲጓዙ ከባሕሩ ሳይደርሱ በመንገድ ሞቱ። ዘውዱ፣ የብራናው መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ በዚያም ለወታደሩ ሽልማት የሚሆን ገንዘብ ይገኝበት ዘንድ በጨረታ ተሸጠ። እንግዲህ የነጋሢነት ምልክት ተብሎ የሚቆጠረው ነገር፣ ዘሩም ዘውዱም ቅብዐቱም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአገሩ ላይ ተጠርጎ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ፣ ይኸውም «አልጋው በእውነት የማን ነው?» የሚለው፣ በጦር ብቻ የሚመለስ አልነበረም።

ይህ ጥያቄ የተነሣበት ምድር ደግሞ ለጥያቄው እንግዳ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በቦረናና በለጋምቦ ደጋ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ሳይንትን ከተድባበ ማርያም ጥንታዊ ደብር ጋር በሰሜን በኩል ትቶ፣ ወደ ተንታና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲቃረብ፣ የቀድሞ ሰዎች ቤተ አምሐራ ይሉት በነበረው አገር ውስጥ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል። በ13ኛው ምእት ዓመት የዛጔ መንግሥት ሲያበቃ «የሰሎሞን ዘር ወደ አልጋው ተመለሰ» ተብሎ የተነገረላቸው ይኩኖ አምላክ የተነሡት ከዚሁ ከቤተ አምሐራ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው የግሸን አምባም እስከ ግራኝ ዘመን ድረስ የነጋሢ ልጆች ታስረው የሚቀመጡባት ስፍራ ነበረች፤ አባቶቻችን የዙፋን ተወዳዳሪን ነገር የፈቱት፣ ወራሾችን ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ ዘግቶ፣ ሲያስፈልግ ብቻ አንዱን በማውረድ ነበር። ቴዎድሮስ መቅደላን ለዚሁ ዐይነት ሥራ ሲያውሏት፣ አወቁትም አላወቁትም፣ የቀድሞውን ልማድ እያደሱ ነበር፤ የሸዋውን የኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን በዚያ አምባ አሳደጉት፤ የወሎውንም የኢማሞች ልጅ መያዣ አድርገው አስቀመጡት።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያሻል፤ በጎንደርና በሸዋ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ወሎ አብዛኛውን ጊዜ የጦር ማለፊያ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ነገር ግን በተንታና በመቅደላ ዙሪያ የሚገኘው የወረ ሂመኖ አገር የራሱ የሆነ ሥርወ መንግሥት ነበረው። ገዢዎቹ ኢማም ይባሉ ነበር፤ ማዕርጋቸውም ከሃይማኖታቸው የተነሣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቅብዐት አንዳች አይጠብቅም ነበር። ቴዎድሮስ ዘውድ ከደፉ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ሲይዙ፣ የሰበሩት የአንድን ባላባት ዐመፅ ሳይሆን ሌላ የነጋሢነት ሥርዐት ነበር። ሰበሩት እንጂ አላሸነፉትም፤ በየዓመቱ ወደ ወሎ መመላለስ ግድ ሆነባቸውና ጦራቸውም ስማቸውም በዚያው ደጋ ላይ አለቀ።

የዚህ የወረ ሂመኖ ቤት ነገር በሁለት ሴቶች እጅ ወድቆ ነበር፤ በወይዘሮ ወርቂትና በወይዘሮ መስታወት። ሁለቱም ስለ ልጆቻቸው መብት የሚቆሙ፣ እርስ በርሳቸውም የማይስማሙ ነበሩ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር በደረሱ ጊዜ፣ የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ስለ ነበር፣ እኒያ እናት ምኒልክን በልጃቸው ለመለወጥ ዐስበው እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሆኖም ንጉሡ በቁጣ ልጁን ማስገደላቸው በተሰማ ጊዜ ስደተኛውን ወደ ሸዋ አሳለፉት። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምገረመው በዚህ ነው፤ በኋላ ዘመን ኢትዮጵያን የገዛው የምኒልክ አልጋ፣ መጀመሪያ የጸናው ልጇን በተነጠቀች በአንዲት የወሎ እናት ፈቃድ ነበር፤ ይህንም ውለታ የሚዘክር አንድ ምዕራፍ በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ሊኖር ይገባ ነበር።

እንግሊዞች መቅደላን ከያዙ በኋላ አምባውን ለማን እንደሚተዉት ተቸገሩ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ለላስታው ለዋግሹም ጎበዜ ለመስጠት ፈለገ፤ ከቴዎድሮስ ሰፈር የወጣውንና ከ30,000 የሚበልጠውን ክርስቲያን ሕዝብ እርሳቸው ይጠብቁታል ብሎ ነበርና፤ ዋግሹሙ ግን ከአምባው ይልቅ መድፎቹን ፈለጉ። ወርቂትና መስታወትም እያንዳንዳቸው መቅደላ ለእኔ ይገባኛል አሉ፤ ሳይስማሙም ቀሩ። በመጨረሻ ናፒየር መድፎቹን ሰባብሮ ሚያዝያ 10 ቀን አምባውን አቃጠለውና ሄደ። ከሁሉ በፊት በቦታው የነበረው ቤት፣ መብቱን የሚሰማለት ዳኛ በደጁ ቆሞ ሳለ፣ በእርስ በርስ ጠብ ምክንያት ጥያቄውን አጣ፤ ይህም ለወሎ ከእሳቱ የከፋ ጉዳት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ዋግሹም ጎበዜ በአባታቸው በኩል ከዛጔ፣ በእናታቸው በኩል ከሰሎሞን ወገን እቈጠራለሁ ብለው፣ በዚያው ዓመት ክረምት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ጳጳስ ግን አልነበራቸውም። በሸዋ ምኒልክ ከአምባው ካመለጡ ጀምሮ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጽፉ ነበር፤ ዘራቸውም ከዐፄ ልብነ ድንግል ይመዘዛል፤ አያታቸው ሣህለ ሥላሴ ግን ከንጉሥነት አልፈው ንጉሠ ነገሥት ተብለው አያውቁም ነበር። በትግራይ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ስለ ከፈቱ 12 መድፍና 850 ያህል ጠበንጃ ተሰጥቷቸው ነበር። ከሦስቱ ሁሉ በጦር ብዛት ተክለ ጊዮርጊስ ይበልጡ ነበር፤ በዘር ክርክር ምኒልክ አያንሱም ነበር፤ ካሣ ግን ሌሎቹ ያላሰቡትን አሰቡ፤ ወደ ግብፅ ልከው፣ ብዙ ብር ከፍለው፣ በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። መድፉና ቅብዐ መንግሥቱ በአንድ እጅ ገቡ ማለት ነው።

የዚህ ዐይነት ነገር በሌላው ዓለምም ታይቷል። በቻይና አራት መቶ ዓመት የገዛው የሐን ሥርወ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ220 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በሰሜን የነበረው ጻኦ ፒ የመጨረሻው ንጉሥ በገዛ ፈቃዱ አልጋውን አስረከበኝ አለ፤ በዓመቱ በምዕራብ ሊዩ ቤይ የሐን ዘር ነኝና ወራሹ እኔ ነኝ ብሎ ነገሠ፤ በ229 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ሱን ቹዋን ሦስተኛ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ቻይናውያን ንጉሥ ከሰማይ በተሰጠው ትእዛዝ ይገዛል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ሰማይ ለማን ሰጠ የሚለው ክርክር ከሦስቱ ሞት በኋላም ቀጠለ፤ ሊቃውንቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ አንዱ የጻኦን፣ ሌላው የሊዩን ዘመን ሕጋዊ እያለ ይከራከር ነበር። የእኛው ክርክር ከቻይናው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ የቅብዐቱን ዘይት የያዘ ሌላ ወገን ነበረ፤ እርሱም ከባሕር ማዶ፣ ከእስክንድርያ መንበር ይመጣ ነበር።

ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ፣ በአሳም፣ ተክለ ጊዮርጊስ በብዙ ሺህ የሚበልጥ ጦር ይዘው ሳለ በካሣ ጥቂት ነገር ግን የሠለጠነ ጦር ተሸነፉ፤ ተይዘውም በእስር ሞቱ። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዮሐንስ ራብዓይ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀቡ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዘመን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው፣ ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥትና የኰርዓተ ርእሱን ሥዕል መልሱልኝ ማለታቸው ታላቅ ነገር ነው፤ ያለ መጽሐፉ ሕዝቡ ትእዛዜን አይቀበልም እስከ ማለት ደርሰዋልና። በአሳም ያሸነፈ፣ በአክሱም የተቀባ ንጉሥ፣ የነጋሢነቱ መሠረት ገና በለንደን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ዐወቀ። እንግሊዞችም ከሁለቱ የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱን መለሱ፤ ሥዕሉን ግን አልመለሱም።

ለወሎ ግን ይህ ሁሉ ሌላ መልክ ነበረው። ምኒልክ ወረኢሉን ቈርቍረው ከደቡብ ሲገፉ፣ ዮሐንስም ከሰሜን ሲወርዱ፣ የወረ ሂመኖ ቤት በመሐመድ ዓሊና በአመዴ ሊበን፣ አባ ዋጠው በሚባሉት፣ መካከል እንደ ገና ተከፈለ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ በሚባል ስፍራ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ትተው፣ የሸዋ ንጉሥ ተብለው፣ ለዮሐንስ ገበሩ። በግንቦትም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት ክርክር ጋር የወሎ ነገር አብሮ ተቈረጠ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸውም ዮሐንስ ሆኑ፤ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠመቁ ምኒልክ አባት ሆኑላቸው። ሁለቱ ተወዳዳሪ ነገሥታት የአንዱን ቤት ሁለት ወራሾች በክርስትና ልጅነት ተካፈሉ ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ከዚህ በኋላ በወሎ ሥልጣን የሚገኘው በኢማምነት መሆኑ ቀርቶ በጥምቀት ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ክርስቲያን ሁን በሚል ዐዋጅ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ሼክ ጦልሐን የመሳሰሉ ሰዎች መርተውት ብዙ ዘመን ተዋጋ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በእኔ አስተያየት ዐፄ ዮሐንስ በአክሱም ያገኙትን ሕጋዊነት በቦሩ ሜዳ አጐደሉት፤ የሚገዙትን ሕዝብ ሕሊና በአንድ ዐዋጅ ሊይዙት ፈልገዋልና።

ጥምቀቱ ራሱ ያስገኘውም ነገር ለአልጋው ጥያቄ መልስ አልሆነም። ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ እርሱም የምኒልክን አልጋ ወረሰ፤ ሚካኤልም በ1906 ዓ.ም. በደሴ ንጉሥ ተባሉ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ልጃቸው ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ፣ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ከአልጋው ወረደ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ፤ ልጅ ኢያሱም ወደ መቅደላ ሸሽቶ በዚያች አምባ መሸገ። በቦሩ ሜዳ በጥምቀት የተሰጠ መብት በአዲስ አበባ በሃይማኖት ክስ ተወሰደ።

የጎንደርን፣ የትግራይንና የሸዋን መብት የሚከራከሩ ዜና መዋዕሎች ታትመው በእጃችን አሉ፤ የወረ ሂመኖን ቤት የሚከራከር ግን በሽማግሌዎች አፍና በየቤቱ በተሰቀለው የዘር ሐረግ ውስጥ ነው ያለው። በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በተንታና በከላላ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስለ ወይዘሮ ወርቂትና ስለ ወይዘሮ መስታወት ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን፣ የሰማችሁበትንም ሰው ስም ጨምራችሁ፣ ጻፉና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአዲስ አበባ ለሚገኘው ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ።