ዲማን በአኒሜሽን፦ ከስቱዲዮ ጂብሊ ልምድ አንጻር

ስቱዲዮ ጂብሊን እ.ኤ.አ. በ1985 ሃያኦ ሚያዛኪ፣ ኢሳኦ ታካሃታና ቶሺዮ ሱዙኪ በአሳታሚው ቶኩማ ሾተን ገንዘብ መሠረቱት። ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስካር ያገኘው የሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የታካሃታ «ኦሞሂዴ ፖሮ ፖሮ» (1991) ይመስለኛል።

የቶኪዮ ቢሮ ሠራተኛ የሆነችው የፊልሙ ባለታሪክ ዕረፍቷን በያማጋታ ገጠር ሱፍ በመልቀም ታሳልፋለች። ለቃሚዎቹ ገና በማለዳ ይወጣሉ፤ ጤዛው ሳይደርቅ እሾሁ ስለሚለሰልስ እጅ አይወጋም። አበባው ይታጠባል፣ ይብላላል፣ ይወቀጣል፣ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። ሱፍን በፍሬው ለምናውቅ ለእኛ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ደግሞ ሳይታወቅ አይሣልም፤ ካሜራ ያላሰቡትንም ነገር ይቀርጻል፤ በአኒሜሽን ግን ሠዓሊው ያልሣለው ነገር ከቶ አይታይም። ስለዚህ አገሩን ሳያውቅ አገሩን ሊሥል አይችልም።

በአገራችን በአኒሜሽን ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 አቋቋሙት። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ለሕፃናት ፊደልና ጤና አስተማረች፤ ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስን ሽልማት አገኘች። በኋላም «ጥበብ ገርልስ» ያለዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጉዳዮችን አነሣ። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በእነዚህ ሥራዎች ታሪኩ የትምህርቱ አገልጋይ ነው፤ ለራሱ የቆመ የአገር ታሪክ እኔ እስከማውቀው ገና አልተሣለም።

ያ ታሪክ ምሥራቅ ጎጃም አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ዋና መቼት ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና አቅራቢያ ነው። ባለታሪኩን በዛብህን ለመሣል ደበሎውን፣ አኩፋዳውን፣ የተማሪ ጎጆውን፣ ቅኔ ሲቆጠር ተማሪዎቹ የሚቀመጡበትን ሁኔታ ማወቅ ግድ ይላል። ከሞጣ በስተሰሜን ደግሞ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። መካከሉ በጣልያን ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች መንገደኛውን በገመድ እየጎተቱ ከገደሉ በላይ ያሻግሩት ነበር። ይህን ትዕይንት ታካሃታ ቢያገኘው አንድም ቃል ሳያናግር በሣለው ነበር።

የአዲስ አበባ አኒሜተሮች ሆይ፣ የቅኔ መምህራኑና በገመድ የተሻገሩት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ፣ የንድፍ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ቢቸናና ሞጣ ውረዱ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም መንገዱን ያሳያችሁ።