ድምፃችን መልሶ የሚጠየቅበት ቀን



ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር እጩ የሚያቀርበው ተስፋ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ «ምረጡኝ» ብሎ የሚመጣ የምክር ቤት አባል ግን ከተስፋው ጋር ሒሳብም ይዞ ሊቀርብ ይገባዋል። መራጩ ያንን ሒሳብ በአግባቡ መጠየቅ ይችል ዘንድ፣ ድምፅ መስጠት በአገራችን እንዴት እንደመጣ፣ አባቶቻችንም ከዚህ ምን እንዳገኙና ምን እንደቀረባቸው ማወቅ ይኖርበታል።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተደነገገ። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ እንደራሴ ወንበሩን ለማቆየት የጣና ዳር ገበሬን ወይም ሸማኔን መለመን አያስፈልገውም ነበር። ደጅ የሚጠናው ከበላዩ ባለው ሹም ዘንድ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠው። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው አንድ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች ነበሩት። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው ምርጫ 210 እንደራሴዎች ሲመረጡ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሴትነታቸው የመጀመሪያዋ ሆኑ። የሥራው ዘመን አራት ዓመት ሲሆን፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫው ተደግሟል። ፓርቲ የሚባል ስላልነበረ እያንዳንዱ እጩ የሚቆመው በራሱ ስም፣ በዘመዱና በገንዘቡ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመምረጥ መብት ለሁሉ ቢሰጥም የመመረጥ መብት ግን በሀብት ታጥሮ ነበር። እጩው በምርጫ ወረዳው ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ባሕር ዳር ያኔ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ በበጌምድር። በሁለቱም አገር መሬት በርስት የሚያዝ ሲሆን፣ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ውጭ ሆኖ በንግድና በሽመና የሚኖር ነበር። ከጣና በስተ ምሥራቅ እንደ ደሪጣ ያሉት የሙስሊም ነጋዴዎች መንደሮች የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። እንግዲህ ሀብታም ነጋዴ በሸቀጡ ብዛት ለእጩነት ይበቃ ይሆናል፤ ሸማኔው ግን መራጭ ከመሆን አያልፍም።

ገበሬውስ ቢሆን ከእንደራሴው ምን አገኘ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በፓርላማው በኩል አልፎ ወጣ። አዋጁ አሥራትን የሚያስቀር ቢሆንም፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ሰጋ። አቤቱታው መልስ ባጣ ጊዜም በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ጠመንጃ አነሣ። መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። በዓመቱ የ1961ዱ ምርጫ ሲደርስ፣ መልሶ ለመመረጥ የፈለገ የጎጃም እንደራሴ የሚሄደው ወደዚሁ ሕዝብ ዘንድ ነበር። ገበሬው በፓርላማ ውስጥ እንደራሴዎች እያሉት ጉዳዩን በጠመንጃ ማሰማቱ፣ በመራጩና በተመራጩ መካከል የነበረውን ርቀት ያሳየናል።

የሙስሊሙም ጥያቄ እንዲሁ ነበር። ከአምስት ምርጫዎች በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ሕዝብ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቹ አብረውት ሆነው በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። በእግሩ ተጉዞ ያቀረባቸው 13 ጥያቄዎች በዓላትንና መሬትን የመሳሰሉ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ተዘጋ። ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሃና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት፣ የገጠር መሬትም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው በደርግ ነው። መልካም ነገር ነበር፤ ነገር ግን ማንም ያልመረጠው አካል የሰጠው ስለሆነ፣ በሌላው ጉዳይ ሲበድል በድምፅ ሊነሣ አልቻለም። በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥም እጩዎቹን ያቀረቡት ኢሠፓና በሥሩ የነበሩት ድርጅቶች ናቸው። ሸንጎው በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ አለፈ።

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የክልል ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች ሲኖሩት መንበሩ እዚሁ ባሕር ዳር ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከእነዚህ 106 ያህሉን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸንፎ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ግን 294ቱም በገዥው ፓርቲ እጅ ገቡ። ምክር ቤቱ ከደጃችን መቀመጡ ብቻውን ተወካዩን አያቀርብልንም፤ የሚያቀርበው የእኛ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ተወካዩ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንበለው? በመጀመሪያ ሥራውን ለይተን እንወቅ። የምክር ቤት አባል ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የመቃብር ቦታ ካርታ የሚፈርመው እሱ አይደለም፤ የሚፈርመው መሥሪያ ቤት ለምን እንዳዘገየ በጉባኤ ላይ መጠየቅ ግን ግዴታው ነው። በ2009 ዓ.ም. የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ሲሻሻል የነበረን ተወካይ፣ «ምን ብለህ ተናገርክ?» ማለት ይገባናል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ጣናን ሲወር ዓሣ አስጋሪው ጀልባውን ለማንቀሳቀስ ተቸግሯል፤ ለዚህ ስንት በጀት እንዳጸደቀ፣ ገንዘቡም የት እንደደረሰ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ቁጥራችንን አንርሳ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከባሕር ዳር ነዋሪ ሙስሊሙ ከመቶ 8 ተኩል ያህል ነበር። ስለዚህ ብቻችንን ቆጥረን ተወካይ አናስመርጥም። የውሃው፣ የመንገዱና የሐይቁ ጉዳይ ከክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር አንድ ነውና ጥያቄውም አንድ ላይ ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ መስጊዳችን የማንም ቅስቀሳ መድረክ አይሁን። በምርጫ ዋዜማ ምንጣፍ ይዞ የመጣ ቢኖር ሰደቃውን አላህ ይቀበለው፤ ድምፅ ግን የምንጣፍ ዋጋ አይደለም። ድምፅ አማና ነው፤ የሰጠነውም የተቀበለውም እንጠየቅበታለን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይደነግጋል።

ውድ አንባቢያን፣ የ1950ው ሸማኔ ድምፅ ነበረው፤ ሊወዳደር ግን አልቻለም። እናንተ ዛሬ ሁለቱም መብት በሕግ አላችሁ። እንግዲህ ተወካዩ በደጃችሁ ሲቆም በአክብሮት ተቀበሉት፣ አስቀምጡት፣ ቡናውንም አቅርቡለት፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዘመን ሒሳብ ጠይቁት። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።