የስኳር በሽታ ክትትል በወረርሽኝና በእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት

መንገድ ሲዘጋና የሐኪም ቀጠሮ ሲተላለፍ የስኳር ሕሙማን መድኃኒታቸውንና ምርመራቸውን ሳያቋርጡ የሚቆዩበት አሠራር ነው። ጉዳዩ በስፋት የታየው በኮቪድ-19 ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ በዚያው ወር በ30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ አቅሙ ብቻ እንዲጭን ተደነገገ። ለክትትል ከገጠር ወደ ከተማ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል እንቅፋት አልነበረም። ግንቦት 24 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው፣ 155 አገሮችን ባካተተ ጥናት፣ በ49 በመቶዎቹ አገሮች የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተስተጓጉሎ ነበር።

የስኳር ሕሙማን ቫይረሱ ከያዛቸው የሚጸናባቸው መሆኑ ቶሎ ታወቀ። ያን ያህል ትኩረት ያላገኘው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ይጠማዋል፣ ሽንት ይበዛበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። በወረርሽኝ ወቅት ደግሞ የትንፋሹ መፍጠን የሳንባ ሕመም መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ምልልስን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማከማቻ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። በረዶ የነካው ይጣላል፤ ስለዚህ ከፍሪጅ በረዶ ቤት መራቅ አለበት። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ተጠብቆ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ትልቅና ትንሽ ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ ከትቶ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ በየጊዜው ውኃ ያርከፈክፋል፤ ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በውስጠኛው ይቀመጣል፤ ሸክላው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሆናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ የተመዘገበውን ሙቀት መነሻ አድርገው በ2013 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። ለቆላ ነዋሪ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ትኩሳት በራሱ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የቤተሰብ አባላት ግን «እህል ካልቀመሰ ምኑን ይወጋል» ብለው መርፌውን ያስቀሩታል፤ ይህ አደገኛ ነው። መጠኑ በባለሙያ ምክር ይስተካከላል እንጂ የዓይነት 1 ታማሚ ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥም። መለኪያ ያለው በየአራት ሰዓቱ ይለካል፣ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው እስኪያገግም መውሰዱን እንዲያቆም ሊታዘዝ ይችላል። ትውከቱ ካልቆመ ወይም ሰውየው ከፈዘዘ፣ ገደብ ቢኖርም ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ኮቪድ ለጸናባቸው የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ስኳርን ያንራል፤ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ታማሚ አይከለከልም፤ የስኳሩ ልኬት ግን ይደጋገማል፣ ኢንሱሊኑም እንደ ውጤቱ ይጨመራል።