ቦንድ ማለት በወረቀት የተጻፈ ዱቤ ነው፦ ከሂርና የጫት ሂሳብ እስከ ግምጃ ቤት ሰነድ

ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፍኬት ጋር ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የህዳሴ ግድብ ቦንድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ወረቀቱን አንዳንዱ የመዋጮ ደረሰኝ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። በ8100 የላካችሁት መልዕክት ስጦታ ነው፣ አይመለስም። ቦንድ ግን ብድር ነው፤ አበዳሪዎቹ እናንተ ናችሁ።

ይሄን ለመረዳት መጀመሪያ ትንሽ ሂሳብ አያያዝ እንይ። ሂርና ላይ ጫት የሚነግድ አንድ ልጅ እንውሰድ (ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያወጣናቸው እኛ ነን)። የራሱ 20,000 ብር አለው፣ ከወንድሙ 10,000 ተበደረ። ጠዋት በእጁ 30,000 አለ ማለት ነው። በ24,000 ጫት ገዛ። ለድሬዳዋ ነጋዴ በ30,000 ሸጠ፤ 18,000ውን በጥሬው ተቀበለ፣ 12,000ው ዱቤ ሆነ። ለመኪናና ለጉልበት ሠራተኛ 2,000 ከፈለ።

ማታ ብሩን ሲቆጥር 22,000 ነው። ጠዋት 30,000 ነበረ፣ ስለዚህ 8,000 የከሰረ ይመስለዋል። ደብተር ከያዘ ግን ሌላ ነገር ያያል። ጥሬ ገንዘብ 22,000፣ ተሰብሳቢ ዱቤ 12,000፣ ጠቅላላ ሀብት 34,000። የወንድሙ ዕዳ 10,000 ሲቀነስ የራሱ 24,000 ነው። ጠዋት የራሱ 20,000 ስለነበረ 4,000 ብር አትርፏል። የሂሳብ አያያዝ መሠረቱ ይኸው ነው፦ ሀብት ሁልጊዜ ከዕዳና ከራስ ካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው። የጣሊያኑ መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው የነጋዴዎች አሠራርም ይሄው ነው።

አደጋውም እዚሁ አለ። ትርፉ ያለው ዱቤው ውስጥ ነው። የድሬዳዋው ሰውዬ ካልከፈለ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም ልጁ 8,000 ከስሯል።

አሁን ወደ ቦንድ እንመለስ። ቦንድም ተሰብሳቢ ዱቤ ነው። ልዩነቱ ወለዱና የሚመለስበት ቀን ቀድሞ መጻፉ ነው፤ «ቋሚ ገቢ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጀመር ለሽያጭ የቀረበው ቦንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 5.5 በመቶ፣ ከዚያ ለሚረዝመው 6 በመቶ ወለድ ነበረው። 1,000 ብር ለአምስት ዓመት ያበደረ ሰው በቀላል ስሌት 275 ብር ወለድ ጨምሮ 1,275 ያገኛል።

ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር ያ 1,275 ብር የሚገዛው፣ ስታበድሩ 634 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ ትርፍ ነው፣ ገበያ ላይ ኪሳራ ነው። ግድቡን ለመደገፍ ብሎ የገዛ ሰው ይሄን አይቆጥረውም፣ ልክም ነው። እንደ ቁጠባ ያየው ግን መቁጠር አለበት።

አጭር ጊዜ የሚፈልግ መንግሥት ደግሞ የግምጃ ቤት ሰነድ ይሸጣል፦ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን። እዚህ ላይ ወለድ ተብሎ ለብቻው የሚከፈል ነገር የለም፤ በቅናሽ ትገዛላችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። ለምሳሌ የ100,000 ብሩን የ364 ቀን ሰነድ በ87,000 ብትገዙ 13,000 ታገኛላችሁ። ይሄ 13 በመቶ አይደለም! ያወጣችሁት 87,000 ስለሆነ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። እስካሁን ዋናዎቹ ገዢዎች ባንኮችና የጡረታ ፈንድ ናቸው። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ መከፈቱ ግን ነገሩን ወደ ተራው ሰው እያቀረበው ነው።

ገበያ ሲኖር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ቀኑ ሳይደርስ ብሸጠውስ? 6 በመቶ የሚከፍል፣ አንድ ዓመት የቀረው የ1,000 ብር ቦንድ አላችሁ እንበል። አዲስ የሚወጣው 12 በመቶ የሚከፍል ከሆነ የእናንተን በ1,000 የሚገዛ ሞኝ የለም። የሚገዛው ወደ 946 ብር አካባቢ ነው። ወለድ ሲወጣ የድሮ ቦንድ ዋጋ ይወርዳል፤ ወለድ ሲወርድ የድሮው ይወደዳል።

በእምነታችሁ ምክንያት ወለድ የማትነኩ፣ እዚህ ሐረርጌ ብዙ ናችሁ፣ በሌላው ዓለም ሱኩክ የሚባል ሰነድ እንዳለ እወቁ። ባለቤቱ ወለድ ሳይሆን ከአንድ ንብረት ኪራይ ወይም ትርፍ ድርሻ ያገኛል።

ቴሌግራም ላይ «በሳምንት እጥፍ» የሚሏችሁንም እንደ ዱቤ ጠይቋቸው፦ ባለዕዳው ማነው? የተጻፈ ቀን አለ? ብሩን ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍለው?

ለማንኛውም ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱት። ቦንዱ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የተገዛበትንና የሚመለስበትን ቀን እዩ። ቀኑ ካለፈ ወረቀቱንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ የተገዛበት ባንክ ሂዱ። ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ቦንዱ የውርስ ንብረት ነውና መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ።