ሺዮን ግንብ

ሺዮን ግንብ በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሞንትሮ ከተማ አጠገብ በአንዲት ጠባብ የዐለት ደሴት ላይ የቆመ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ነው። የሳቮይ መሳፍንት ይዞታ እንደ ነበር የሚያሳየው ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ የ1150 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በእነርሱው ዘመን በእጅጉ ሰፋ። መሳፍንቱ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ በኩል ወደ ጣሊያን የሚወስደውን መንገድ ከዚህ ሆነው ይቆጣጠሩ፣ ከነጋዴውም ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። በ1536 የበርን ሠራዊት ያዘው፤ ከ1803 ጀምሮ የቮ ካንቶን ንብረት ነው።

አሠራሩ ሁለት መልክ አለው። በየብስ በኩል ወፍራም ግድግዳ፣ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎችና ማማዎች ይታያሉ፤ በሐይቁ በኩል ግን ሰፋፊ መስኮት ያላቸው የመሳፍንቱ አዳራሾችና መኝታ ክፍሎች ተደርድረዋል። ጎብኚ ድልድዩን ተሻግሮ በተከታታይ አደባባዮች አልፎ፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ያሉበትን ጸሎት ቤት ያገኛል።

ከሁሉ የሚልቀው ክፍል በከፊል ከዐለቱ የተፈለፈለው ምድር ቤት ነው። ጣሪያውን ረድፍ ዓምዶች ተሸክመውታል፤ ከጠባቦቹ መስኮቶች የሚገባው የውሃው ነጸብራቅ በቅስቶቹ ላይ ይንቀሳቀሳል። የጄኔቫን ነጻነት የደገፈው መነኩሴ ፍራንሷ ቦኒቫር ከ1530 እስከ 1536 በግንቡ ታስሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በሰንሰለት ቆይቷል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሎርድ ባይረን በ1816 ጎብኝቶ «የሺዮን እስረኛ»ን ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግንቡ በአውሮፓ እጅግ ታዋቂ ሆነ። በአንዱ ዓምድ ላይ የተቀረጸ የባይረን ስም ዛሬም በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል።